ደረት ላይ የተሳለ ጊታር

ሰው የማያውቀውን ነገር ምልክት አድርጎ በደረቱ ቢሸከም ዋሸ ይባላልን? ጥያቄው ሲሰሙት የልጆች ክርክር ይመስላል። ነገር ግን ማን እንደ ሆኑ፣ ከየት እንደ መጡና ምን ማስረጃ እንዳላቸው ዘወትር የሚጠየቁ ሰዎች በሚኖሩበት በገዳሪፍና በድንበሩ አካባቢ፣ ጥያቄው ከአንድ ካናቴራ ያለፈ ክብደት ይኖረዋል።

ለነገሩ መነሻ ይሆን ዘንድ አንድ ትዕይንት በሐሳብ ይሣል። ወሩ ኅዳር ነው፤ የሰሊጥ አጨዳ እያለቀ የቀን ሠራተኛው ከእርሻው ወደ ከተማ የሚመለስበት ጊዜ። በገዳሪፍ ገበያ ጥግ አንዲት ሐበሻ ሴት ከዳስ ሥር ጀበናዋን ጥዳ ቡና ታፈላለች። በዙሪያዋ በርጩማ ላይ ከተቀመጡት መካከል ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ከጎንደር ወገን የመጣ ወጣት አለ። ባገኘው የጉልበት ዋጋ ከሳልባጅ ክምር መርጦ የገዛውን ጥቁር ካናቴራ ለብሷል። በካናቴራው ላይ ከአንገቱ ሥር እስከ ወገቡ የሚደርስ፣ ክንፍ ያወጣና በነበልባል የተከበበ ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታር ታትሟል። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ጠጉራቸው የሸበተ ሰው በደርግ ዘመን በአንድ ክፍለ ጦር የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይመቱ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን መተማን ተሻግረው በዚያው ቀርተዋል።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ደረትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ይላሉ ሽማግሌው።

«ጊታር ነው፣ ጋሼ።»

«ጊታር መሆኑንማ አየሁ። ስንት ክር አለው?»

ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ፣ ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች እያየ፣ በጣቱ ይቆጥራል። «አምስት።»

«የጊታር ክር ስድስት ነው! አራት ከሆነም ቤዝ ነው ይባላል። አምስት ክር ያለው ክራር እንጂ ጊታር አላየሁም።»

በዙሪያው ያሉት ይስቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲል ይተርታል፤ ሳቁም ይበረታል። ወጣቱ ስኒውን መሬት ላይ አስቀምጦ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣጥፋል። ጊታሩ ከክንዶቹ ሥር ይሸፈናል።

እንዲህ ያለው ነገር በየቡና ቤቱ የሚያጋጥም ተራ ቀልድ ነው፤ ስኒ እስኪታጠብ ይረሳል። ሆኖም ቀልዱ ሲመረመር አንድ አስገራሚ ነገር ይገኝበታል። ወጣቱ በትክክል ቆጥሯል። በካናቴራው ላይ የተሳሉት ክሮች አምስት ናቸው። የተሳሳተው በሩቅ አገር ሥዕሉን የሠራው ሰው ነው፤ ፋብሪካው ያንኑ ስሕተት በብዙ ካናቴራ ላይ አትሞ ለዓለም ሲበትን ማንም ክሩን አልቆጠረም። ጥያቄው የመጣው በዕቃው ረጅም ጉዞ መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ያነሰ አቅም ባለው ሰው ላይ ነው።

ይህ ሲባል ግን የሽማግሌው ሳቅ ከክፋት ብቻ የመነጨ ነው ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። በሳቃቸው ሥር አንድ ክርክር አለ፤ እርሱም ምልክት ክብር የሚኖረው ዋጋ የከፈለ ሰው ሲሸከመው ነው የሚል ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አላቸው። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ ከትዝታና ከባቲ ቅኝት ጋር ያዋሐዱት እንደ ሰላም ስዩም ያሉ የሮሃ ባንድ ሙዚቀኞች፣ የሰዓት እላፊ ገደብ የከተማውን ሌሊት በዘጋበት ዘመን ነበር የሚጫወቱት። በሱዳን ደግሞ ዋጋው ከዚያም ከፍ ያለበት ጊዜ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሙዚቃ በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1994 ድምፃዊው ኾጀሊ ዑስማን በኦምዱርማን በሚገኘው የሙዚቀኞች ክበብ ውስጥ በስለት ተወግቶ ሲገደል፣ ሌላው ታዋቂ ድምፃዊ ዐብደልቃዲር ሳሊምም ቆስሏል። ልብስም ቢሆን ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. የ1991 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 152 «ነውረኛ አለባበስ»ን በግርፋት ይቀጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ጋዜጠኛዋ ሉብና ሑሴን ሱሪ በመልበሷ ፍርድ ቤት የቀረበችው በዚሁ አንቀጽ ነው። የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የሚባለው የተሻረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ነበር። እንግዲህ አንዱ በሕይወቱ የከፈለበትን ነገር ሌላው ከክምር ውስጥ በጥቂት ገንዘብ ገዝቶ በደረቱ ሲሸከመው፣ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ቅሬታው የገዳሪፍ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ራሞንስ የተባለ የሮክ ባንድ፣ አርቱሮ ቬጋ የሣለለት ክብ ዓርማ በካናቴራ ላይ ታትሞ ዓለምን አዳርሷል፤ ካናቴራው ከሸክላዎቹ ይበልጥ ተሸጧል እየተባለ ይነገራል። ዓርማውን ከለበሱት ብዙዎቹ የባንዱን አንድ ዘፈን እንኳ አልሰሙም። ስለዚህም በየአገሩ የሙዚቃ ወዳጆች እንዲህ ያለውን ለባሽ እያስቆሙ «እስቲ ሦስት ዘፈን ጥራ» ይሉታል። የሽማግሌው «ስንት ክር አለው?» የዚሁ ጥያቄ የገዳሪፍ መልክ ነው።

ክርክሩ ጥንካሬ አለው፤ ነገር ግን ምልክት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ የሚያስብ ክርክር ነው። ምልክቶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የአርበኛ ሜዳሊያ የተሠራ ሥራ ምስክር ነው፤ ያልዘመተ ሰው ቢያጠልቀው የሌላውን ክብር ሰርቋል። የፖሊስ ልብስ የሥልጣን ምልክት ነው፤ ያልተሾመ ቢለብሰው አታላይ ነው። ከእነዚህ የተለየ ሦስተኛ ዓይነት ምልክት አለ፤ እርሱም ገና ወደፊት ሊሆኑት የሚሹትን የሚያመለክት ነው። በአርባና በሰማንያ ቀኑ ክርስትና የሚነሣ ሕፃን አንገቱ ላይ ማዕተብ ሲታሰርለት ስለ እምነቱ አንዳች አያውቅም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን የሚለብሰው ዳዊት ከደገመ በኋላ አይደለም፤ ፊደል ሳይለይ፣ ከመጀመሪያው ቀን ነው። በሱዳን መንደሮች በኸልዋ የሚማር ልጅም የእንጨት ሎሑን ታቅፎ የሚዞረው ቁርኣንን ካኸተመ በኋላ ሳይሆን ገና ሳይጀምር ነው። ማንም ሰው እነዚህን ልጆች አስቁሞ «ያላወቅኸውን ለምን ትሸከማለህ?» አይላቸውም። ልብሱ የእውቀት የምስክር ወረቀት ሳይሆን የደጅ ጥናት ምልክት መሆኑን ሁሉም ያውቃልና።

ጊታር የታተመበት ካናቴራ ከሦስቱ የትኛው ነው? ለባሹ «ጊታር እመታለሁ» ብሎ እንጀራ ካልበላበት፣ ሜዳሊያም የፖሊስ ልብስም ሊሆን አይችልም። ካናቴራው የሚናገረው «ይህን አውቃለሁ» ሳይሆን «ይህ ደስ ይለኛል» የሚል ብቻ ነው። ደስ መሰኘት ደግሞ ማስረጃ የሚጠየቅበት ነገር አይደለም፤ መውደድ አብዛኛውን ጊዜ ከማወቅ ይቀድማልና። ማንም ሰው አንድን ነገር ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ መውደድ የጀመረበትን ቀን ቢፈልግ ብዙ አያገኝም። መጀመሪያ የሚመጣው መልክ ወይም ድምፅ ነው፤ ትምህርቱ ከኋላ እያነከሰ ይደርሳል።

ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ እነርሱ ራሳቸው የሌላ ሕዝብ የደረት ሥዕል ሆነው ኖረዋልና። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1966 ጃማይካ ሲደርሱ በኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ የጠበቃቸው እጅግ ብዙ ሕዝብ፣ ኢትዮጵያን አይቷት የማያውቅ፣ አማርኛም የማይሰማ ነበር። ቦብ ማርሌይ ኤሌክትሪክ ጊታሩን አንግቶ የንጉሡን ምስል ከኋላው በመድረክ ላይ ሰቅሎ ሲዘፍን የኢትዮጵያን አፈር ገና አልረገጠም ነበር፤ አገሪቱን ያያት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም የለበሰ ጃማይካዊ «እስቲ ሦስት የጎንደር ነገሥታት ጥራ» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ ይወድቅ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2005 የማርሌይ ስድሳኛ የልደት ቀን በመስቀል አደባባይ ሲከበር፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ለእንዲህ ያሉ እንግዶች ፈተና አላወጣም፤ አብሯቸው ጨፈረ። በራሱ ላይ የተደረገውን ፍቅር ያለ ማስረጃ የተቀበለ ሕዝብ፣ የራሱን ልጅ ስለ አንድ ጊታር ማስረጃ ቢጠይቀው ሚዛኑ ትክክል አይደለም።

ምናልባት የሙዚቃ መሣሪያ በጆሮ እንጂ በዓይን አይወደድም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይህ ለክራርና ለመሰንቆ ይሠራ ይሆናል፤ ለኤሌክትሪክ ጊታር ግን አይሠራም። ክራር ቅርጹን የሚወስንለት ድምፁ ነው፤ ከሥር ያለው ገበቴ ባዶ ሆኖ በቆዳ ካልተወጠረ አይጮኽም። የጥንቱ የእንጨት ጊታርም ሆዱ ክፍት መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አዲስ ዘዴ ተገኘ። ከብረት ክሮቹ ሥር ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲቀመጥ፣ የክሩ ንዝረት በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጥራል፤ ሞገዱ በማጉያ ይጎላና በድምፅ ማውጫ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ክፍት ሆድ አስፈላጊ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1950 ፌንደር ድፍን እንጨት ጊታር ለገበያ አቀረበ፤ በ1954 ስትራቶካስተር የተባለውን ባለ ሁለት ቀንድ ጊታር አወጣ፤ በ1958 ደግሞ ጊብሰን እንደ ቀስት ጫፍ የሾለ ጊታር ሠራ። ድምፅ ከቅርጽ ነጻ ስለ ወጣ ቅርጽም ከድምፅ ነጻ ወጣ፤ ሠሪዎቹም እንደ ልባቸው ቀንድና ክንፍ አበጁለት፣ እንደ መኪና ቀለም ቀቡት። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ጊታር ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ግማሽ ጎኑ ሥዕል ነው። በካናቴራ ላይ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ይልቅ እርሱ መታተሙ በአጋጣሚ አይደለም፤ በዓይኑ የወደደውም ሰው ከመሣሪያው ባሕርይ አንዱን ነገር በትክክል ተረድቷል።

ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ነገር መታየት አለበት። ኤሌክትሪክ ጊታር ከኤሌክትሪክ ሲለይ ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ የለውም። በሰሊጥና በማሽላ እርሻ መካከል በሚገኝ የሠራተኛ ሰፈር፣ መብራት በሌለበት፣ እውነተኛውን ጊታር የያዘ ሰውና ሥዕሉን የለበሰ ሰው በድምፅ ረገድ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ሁለቱም የሚጠብቁት ነገር አለ።

በምሥራቅ ሱዳን ደግሞ ይህ ጥበቃ ከንቱ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ከገዳሪፍ በስተ ሰሜን፣ ከከሰላም አልፎ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በፖርት ሱዳን ኑረዲን ጃብር የሚባል፣ በአጭሩ ኑሪ ተብሎ የሚታወቅ የቤጃ ተወላጅ ሙዚቀኛ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከወዳደቀ ብረታ ብረት መካከል የአንድ ጊታር አንገት አገኘ፤ አባቱ ከሰጡት ጣምቡር፣ የክራር ዘመድ ከሆነው የሱዳን መሣሪያ፣ ጋር ገጥሞ ታምቦ ጊታር የተባለውን ሠራ። ዶርፓ ከተባለው ባንዱ ጋር የተቀረጸው ሥራው እ.ኤ.አ. በ2022 ቤጃ ፓወር በሚል ርእስ ታትሞ ከሱዳን ውጭ ብዙ አድማጭ አግኝቷል። እንዲህ ባለው መሣሪያ ፊት «ስንት ክር አለው?» የሚለው ጥያቄ ትርጉሙን ያጣል፤ መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት ትክክለኛ መልስ አልነበረውምና። ኑሪ የተነሣው ከሙሉ ጊታር ሳይሆን ከስብርባሪው ነበር። ስብርባሪ ደግሞ ከሥዕል ብዙም አይርቅም፤ ሁለቱም የጎደለውን እንዲሞላ ሰውን ይጠይቃሉ።

የሱዳን ጃዝ ንጉሥ እየተባሉ የሚጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በኦምዱርማን የተወለዱት ሸርሐቢል አሕመድም የኤሌክትሪክ ጊታርን ለአገራቸው ካስተዋወቁት ቀደምት ሙዚቀኞች አንዱ ሲሆኑ፣ ለልጆች ኅትመት ሥዕል የሚሥሉ ሠዓሊም ነበሩ። ባለቤታቸው ዘኪያ በሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት ጊታር ተጫዋች ተብላ ትታወቃለች። በአንድ ሰው እጅ ሥዕሉም ድምፁም አብረው መኖራቸው፣ ሥዕል ለድምፅ ጠላት አለመሆኑን ያስታውሳል።

እስካሁን የታየው ስለ ካናቴራው ነው። ይበልጥ የሚከብደው ግን ስለ ጠያቂው ነው። ገዳሪፍ ጥያቄን የምታውቅ ከተማ ናት። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ከኢትዮጵያ የተሰደደው ሕዝብ ከሰፈረባቸው ጣቢያዎች አንዱ ኡም ራኩባ ነበር፤ ይኸው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ እንደ ገና ተከፈተ። በዚያ ዓመት መጨረሻ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ሕዝብ ከ50,000 በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ደግሞ ጦርነቱ በካርቱም ሲነሣ የራሷ የሱዳን ልጆች ወደ ገዳሪፍ ተሰደዱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ገላባትን አልፈው መተማ ገቡ፤ ትናንት ጠያቂ የነበረው ዛሬ ተጠያቂ ሆነ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠ ሰው ከጠረጴዛው ወዲህ የቆመውን ሰው አንድ ዓይነት ነገር ጠይቋል፦ ነኝ የምትለውን ስለ መሆንህ ምን ማስረጃ አለህ? ቀበሌህ ማን ይባላል? የወንዙ ስም ማን ነው? ገበያው የሚውለው በምን ቀን ነው? ስሙን የረሳ፣ በድንጋጤ ቁጥር የተሳሳተ፣ ወረቀቱ በመንገድ የቀረበት ሰው ሐሰተኛ ተባለ።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው መመሪያ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ጥበብ ያለበት ሐሳብ ይገኛል። የማስረዳት ግዴታው በመርሕ ደረጃ የአመልካቹ ቢሆንም፣ እውነቱን ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ ግን የጠያቂውና የተጠያቂው የጋራ ነው ይላል። ምክንያቱም ነፍሱን ለማዳን የሮጠ ሰው ብዙ ጊዜ ወረቀት ይዞ አይሮጥም። እንግዲህ ጠያቂው እጁን አጣጥፎ የሌላውን መሰናከል የሚጠብቅ ዳኛ ብቻ ሊሆን አይገባውም፤ እርሱ ራሱ የፍለጋው ባለ ዕዳ ነው።

ይህ ሐሳብ ለሕግ ብቻ የተፈጠረ አይመስልም። «ስንት ክር አለው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ያውቃል። የሚያውቅ ሰው ሲጠይቅ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ያስተምራል፣ ወይ ያዋርዳል። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ከመልሱ በኋላ በሚመጣው ነገር ነው። «ስድስት ነው» ካለ በኋላ የስድስቱን ስምና ቦታ የሚያሳይ መምህር ነው። «ስድስት ነው» ብሎ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሮ የሚስቅ ደግሞ በሩን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። በየቢሮው ደጃፍ ዘበኛ ያስመረረው ሰው፣ ተራው ሲደርሰው በአንድ ቡና ዳስ ደጃፍ ዘበኛ መሆኑ የሰው ልጅ አሳዛኝ ልማድ ነው። የጅቡም ተረት የሚያስቀው ለዚህ ነው፤ በዚያ ዳስ ሥር ካሉት መካከል በማያውቁት አገር ያልተቀመጠ፣ ቁርበት እንዲነጠፍለት ያልለመነ የለም። ተረቱ የተወረወረው በወጣቱ ላይ ነው፤ የሚመታው ግን ሁሉንም ነው።

ሽማግሌውስ ቢሆኑ ምን ማስረጃ አላቸው? ጊታር መምታታቸውን የሚመሰክር ፎቶግራፍ ከሻንጣ ጋር መተማ ላይ ቀርቷል። የኪነት ቡድኑ ተበትኗል። ክር ሲጫን የኖረ የግራ እጃቸው ጣቶች ጫፍ በአንድ ወቅት እንደ ቆዳ ጠንክሮ ነበር፤ አሁን ግን ለስልሷል፤ ጥንካሬው የሚቆየው መሣሪያው በእጅ እስካለ ብቻ ነውና። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጊታር ካልነኩ፣ እርሳቸውም የተሸከሙት ሥዕል ነው፤ የእርሳቸው ከደረት ውጭ ሳይሆን ከደረት ውስጥ መታተሙ ብቻ ይለያል። አንዱ ያልነበረውን ይናፍቃል፣ ሌላው የነበረውን። ከሁለቱ የትኛው ለጊታር ይበልጥ እንደሚቀርብ መፍረድ ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲባል ለባሹ ምንም ግዴታ የለበትም ማለት አይደለም። ካናቴራው አይዋሽም፤ አንደበት ግን ሊዋሽ ይችላል። የተጠየቀው ሰው «እመታለሁ» ቢል ሦስተኛውን ዓይነት ምልክት ወደ መጀመሪያው ለውጦ የሰው ክብር ወስዷል። የአንድን ሕያው ሙዚቀኛ መልክ ያለ ፈቃዱ አትሞ የሚሸጥ ነጋዴም በደል አለበት፤ እርሱ ግን ከገዢው ደረት ላይ ሳይሆን ከማተሚያ ቤቱ መፈለግ ያለበት በደል ነው። የለባሹ ግዴታ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ከባድ ናት። ይኸውም ሲጠየቅ «አላውቅም» ለማለት መድፈር፣ ሲነገረው ደግሞ መስማት ነው። ምልክት ያንጠለጠለ ሰው ለመጠየቅ ፈቅዷል። ደጅ የሚጠና ሰው በሩ ሲከፈት መግባት አለበት፤ በሩ ተከፍቶለት በደጅ የሚቀር ከሆነ ያን ጊዜ ልብሱ ባዶ ጌጥ ሆነ ቢባል ተገቢ ነው።

የወጣቱ ነገር ግን እስከዚያ አልደረሰም። በሩ አልተከፈተለትም። አምስት ብሎ ያየውን ተናገረ፤ ያላየውን አልጨመረም። በዚያ ዳስ ሥር ከተነገረው ሁሉ ከእርሱ መልስ ይበልጥ ሐቀኛ አልነበረም።

ትዕይንቱ በሐሳብ የተሣለ ነውና በሐሳብ መቃናት ይችላል። ሳቁ ጋብ ብሏል። ሁለተኛው ስኒ እየተቀዳ ነው። ሽማግሌው ወጣቱ ክንዶቹን እንዳጣጠፈ መቅረቱን ያያሉ። ከምድጃው ጠርዝ አንድ የጠፋ ከሰል ያነሣሉ፤ ከዳሱ ጥግ የወደቀ የሣጥን ጣውላም ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። በጣውላው ላይ ስድስት መስመር ይሠምራሉ፣ በአግድም ደግሞ አራት። ከዚያ ጥቂት ነጥቦችን አኑረው ጣውላውን ወደ ወጣቱ ያዞራሉ።

«ና፣ ልጄ፣ የግራ እጅህን አምጣ። ይህች የመጀመሪያዋ ናት፣ ቀጭኗ። ጣትህን እዚህ አድርግ። አጥብቀህ ያዝ እንጂ፣ አትፍራ።»

ወጣቱ ያጣጠፋቸውን ክንዶች ይፈታል፤ ጣቶቹንም በከሰሉ ነጥቦች ላይ ያኖራል። ጣውላው ድምፅ የለውም። ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እንደሚያዳምጥ ሰው ይሆናሉ፤ ትንሽ ቆይተውም የአንዲቱን ጣት ቦታ ያስተካክላሉ።